አሥራ ዘጠኝ ጥንድ ባለቢላ ጫማ

ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ለመክፈት የሞከረ ሰው የሕዝብ ቁጣ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ሹፌሩም፣ ረዳቱም፣ ከኋላ ወንበር የተኛው ሰውዬም ነቅቶ በአንድ አፍ "ዝጋው!" ይሉታል። ውጭ ፀሐዩ አስፋልቱን እያቀለጠው ነው፤ ውስጥ አሥራ ስድስት ሰው እንደ ድንች ተቀቅሏል፤ ግን ብርድ ይመታል። ብርድ እኛ ዘንድ ከወባም ከታይፎይድም የበለጠ የተከበረ በሽታ ነው። ወገብ ቢያም ብርድ፣ ጥርስ ቢነቀነቅ ብርድ። ልጇ በሒሳብ የወደቀባት እናት እንኳ "ጠዋት ጠዋት አናቱን ብርድ እየመታው ነው" ብላ አስተማሪውን ታሳፍራለች።

እንግዲህ አቡዘር "ልጆቻችሁን አምጡና ፍሪጅ ውስጥ ላስገባላችሁ" ብሎ የተነሳው በዚህ ሕዝብ መሃል ነው። ሰው ሥራ ሲፈታ የሚያደርገው አያጣም ብሎ መገላገል ይቻል ነበር። ችግሩ፣ ሰውዬው ሥራ አልፈታም፤ ይባስ ብሎ ተሳካለት።

አቡዘር የልባሽ ጫማ ነጋዴ ነው። አባቱ በጭነት መኪና ረዳትነት ከከሚሴ ሲመጡ መኪናው ቃሊቲ ላይ ተበላሽቶባቸው እዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ፤ መኪናው ተጠግኖ ሄደ፣ እሳቸው አልሄዱም። ልጃቸው ከቤቱ ፊት በተቀጠለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ፈረንጅ የሰለቸውን ጫማ ከሐበሻ እግር ጋር ሲያስታርቅ ኖሯል። ሁለት ግራ እግር ጫማ "ጥንድ ነው" ብሎ ሸጧል እያሉ ያሙታል። ሐሰት ነው። የሸጠው ሁለት ቀኝ ነው።

በዚህ ንግድ ውስጥ ቦንዳ የሚባል ነገር አለ። ተጠቅጥቆ የታሰረ ትልቅ ጥቅል ነው፤ ውስጡን ሳታይ ትገዛለህ፣ ቤትህ ወስደህ ስትፈታው ወይ ትስቃለህ ወይ ታለቅሳለህ። የዛሬ ሦስት ዓመት አቡዘር "የልጆች፣ አንደኛ ደረጃ" የተባለ ቦንዳ ከመርካቶ ገዝቶ መጣና በሚስቱ በዓሊማ ፊት ፈታው። አሥራ ዘጠኝ ጥንድ ጫማ ወጣ። ቆዳቸው ደህና፣ ስፌታቸው ደህና፣ ማሰሪያቸው ደህና። ከሥራቸው ግን ቢላ አላቸው።

ዓሊማ አንዱን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አየችው።

"ይሄ ጫማ ነው ወይስ የወንጀል ማስረጃ?" አለች።

አቡዘር መጀመሪያ ያሰበው ማንም ጤነኛ ነጋዴ የሚያስበውን ነው፤ ቢላውን አስነቅሎ ሶል ማስመታት። በያጁ ጫማውንም እሱንም ገላምጦ መለሳቸው። በመጨረሻ አንድ የጎረቤት ተማሪ ስልኩን አውጥቶ አሳየው። ልጆች እንዲህ ያለ ጫማ አድርገው፣ ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ይዘው፣ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ አንዲት ጥቁር ክብ ነገር ያሳድዳሉ። የበረዶ ሆኪ ይባላል አለው። አቡዘር አፉን ከፍቶ አየና ጮኸ።

"ይሄ እኮ ገና ነው! የተቆለመመ ዱላ፣ ሩር፣ ሁለት ቡድን፣ ግርግር። የኛው ገና ጨዋታ ነው፤ እነሱ በረዶ ጨመሩበት እንጂ!"

ከዚያች ቀን ጀምሮ የጎደለው በረዶ ብቻ ነው ብሎ አመነ። ለቃሊቲ ሰው ቀላል ጉድለት ነው።

በረዶውን ያገኘው ጋሽ ሂርጳ ዘንድ ነው። ጋሽ ሂርጳ ከመንገዱ ማዶ ያለው የሥጋ ማቀዝቀዣ መጋዘን የሞተር ሠራተኛ ናቸው። መጋዘኑ የቆመው በአባታቸው የጤፍ ማሳ ላይ ነው፤ ማሳው ሲወሰድ እሳቸው በዘበኝነት ተቀጠሩ፣ ከዘበኝነት ወደ ሞተር አደጉ። "የአባቴ እርሻ አሁን ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት ዲግሪ ነው" ይላሉ፣ እርሻችሁ የት ነበር ብሎ የሚጠይቃቸው ሲገኝ። ሥጋ ወደ ውጭ አገር መላኩ ከቆመ ወዲህ ትልቁ ክፍል ባዶ ነበር። ሞተሩ ግን ለረጅም ጊዜ ከቆመ ነክሶ ስለሚቀር፣ ባለቤቱ በየሳምንቱ መጨረሻ ይሥራ ብሎ አዟል። ስለዚህ ጋሽ ሂርጳ ከዓርብ እስከ እሑድ ለማንም የማይጠቅም አየር ያቀዘቅዙ ነበር።

"ጋሽ ሂርጳ፣ ወለሉ ላይ ውሃ ቢያፈሱበትስ?" አላቸው አቡዘር።

ጋሽ ሂርጳ በሥራ ዘመናቸው አጥብቀው የተከላከሉት ነገር ቢኖር ወለሉ ላይ ውሃ እንዳይፈስ ነው። ሳምንት ሙሉ አሰቡበት። ከዚያ የውሃውን ጎማ ይዘው ገቡና እንደ ልጅ እየሳቁ አፈሰሱት።

የቀረው የባለቤቱ ፈቃድ ነበር። ሰውየው የተማረ ነው፤ በደብዳቤ ቢጠየቅ በደብዳቤ እምቢ ይላል። አቡዘር ግን ሽማግሌ ላከበት። ነጭ የለበሱ ሦስት ሰዎች በሩ ላይ ቆመው "ጉዳያችን ካልተፈጸመ አንቀመጥም፣ ውሃም አንቀምስም" ሲሉት ምን ይበል? ፈቀደ። አንደኛው ሽማግሌ ጋሽ ሂርጳ ራሳቸው ነበሩ። ሁለተኛው ሀጂ ታጁ ናቸው፤ ከአራት የጭነት መኪና አንድም አልቀራቸውም፣ ጢማቸው ግን ከነግርማው አለ። ሦስተኛዋ የእድሩ ሊቀመንበር ወይዘሮ ፀሐይቱ ናቸው። "ሴት ደግሞ ሽማግሌ ትላካለች እንዴ?" ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ነበር። ወይዘሮ ፀሐይቱ ዞር ብለው አዩት፤ ቀብሩን ማን እንደሚያስተባብርለት ትዝ አለውና ተወው።

አቡዘር እንግዲህ በአገሩ ማንም ያልያዘውን ሙያ ያዘ፤ ልጅ ማስጀመር። ሱቁ በር ላይ በርጩማ አውጥቶ የእናት የአባት ጥያቄ ይመልሳል። ጥያቄዎቹ ሁልጊዜ አንድ ናቸው፤ መልሶቹም እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ በቃሉ ናቸው።

"ልጄን ብርድ ቢመታብኝስ?" ትላለች እናት።

"ብርድ የሚመታው የቆመን ነው። የሚሮጥን ልጅ የት አግኝቶ ይመታዋል?"

"ቢወድቅስ?" ይላል አባት።

"ይወድቃል እንጂ! የመጀመሪያው ትምህርት እኮ መውደቅ ነው። ልጅዎ ሲወለድ ከሆስፒታል ሮጦ ነው እንዴ የወጣው?"

"ጥናቱስ?"

"እሑድ ጠዋት ምን ያጠናል? ትራሱን?"

ከዚያ ዕቃ ይዘረዝራል። ሦስት ካልሲ፣ ሁለት ሱሪ። ለጉልበት ከጀሪካን የተቆረጠ፣ በአሮጌ ፎጣ የተጠቀለለ መከላከያ። ዱላ አናጺው ጋ፤ ሩር ጎማ ቤት፣ ከሲኖትራክ ጎማ የተቆረጠ። ሄልሜት የብስክሌትም የሞተርም ይሁን፣ ግን ያለ ሄልሜት ልጅ አያስገባም፤ አንዱ አባት "ጭንቅላቱ እንደ አባቱ ጠንካራ ነው" ሲለው "ውስጡም እንደ አባቱ ከሆነ ግድ የለም፣ ካልሆነ ግን ያሳዝናል" ብሎ መልሶታል። ጫማውን አልሸጠም። ሊሸጥ ነበር የጀመረው፣ አንጀቱ አልቆርጥ አለ፤ ልጆቹ እሑድ አድርገውት እሑድ ይመልሱለታል። ዓሊማ ባሏ ከጫማ ነጋዴነት ወደ ጫማ ዘበኝነት ዝቅ ማለቱን ለጎረቤት በየቀኑ ትዘግባለች።

አንድ ነገር ብቻ ደሙን ያፈላዋል። እናቶች ጫማውን አገላብጠው "ትንሽ ሰፋ ያለ የለህም? ያድግበታል" ይላሉ። በዚህ ሰፈር ልጅ የልኩን ጫማ የሚያደርገው ጫማው ሊቀደድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። አቡዘር ይህን ሲሰማ ከበርጩማው ይነሳል።

"ጫማ ለዛሬ እግር ነው! የነገውን እግር ነገ አምጪው!"

ከዚያ ይንበረከካል። በአውራ ጣቱ የልጁን ጣት በቆዳው ላይ ተጭኖ ይፈልጋል፣ ማሰሪያውን ከታች ጀምሮ እያጠበቀ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይቋጥራል። እሱ በእጁ ያላሰረው ልጅ እሑድ ዕለት በረዶ አይረግጥም። ሌላው ቢቀር በዚህ ቀልድ አያውቅም።

እምቢ የሚል አባት ሲገኝ ሦስቱ ሽማግሌዎች ይላካሉ። ከእምቢተኞቹ ሁሉ የከፋው የሲኖትራክ ሹፌሩ ዱሬሳ ነበር። "ሞቲ ልጄ ነው፤ ሥጋ አይደለም ፍሪጅ ውስጥ የምታስገባው" ብሎ አቡዘርን አባረረው። አንድ ቀን ከሰዓት ሽማግሌዎቹ ነጭ በነጭ ሆነው ወደ ግቢው ሲመጡ ዱሬሳ ከሩቅ አያቸው። ይህ ሰው ሃዊ የምትባል የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለችው፤ ሽማግሌ መጠበቅ ከጀመረ አራት ዓመቱ ነው። ምን ፈልጋችሁ ነው ብሎ መጠየቅ ነውር መስሎት በጓሮ በር በግ አስመጣ። ሀጂ ታጁ አገር ሰላም፣ እህል ውሃ፣ ዘር ማንዘር ብለው አዙረው አዙረው "የመጣነው ስለ ሞቲ ነው" እስኪሉ ድረስ በጉ ተገፎ ነበር። የታረደ በግ ደግሞ አይነሳም። ዱሬሳ ወደ በጉ አየ፣ ወደ ልጁ አየ፣ "ውሰዱት" አለ። ለሀጂ ታጁ ሽሮ ቀረበላቸው። ሃዊ ጓዳ ሆና ጎኗን እስኪወጋት ሳቀች።

እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ ስምንት ልጅ ሞላ። እሑድ ጠዋት መጋዘኑን ብታዩት ሆስፒታል ይመስላችኋል። ወላጆች በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ አንዷ ፌጦ፣ አንዷ ዝንጅብል፣ አንዷ ነጭ ሽንኩርት ይዛለች። ልጆቹ ላብ በላብ ሆነው ይሯሯጣሉ፤ የሚንቀጠቀጠው ወላጅ ነው። መብራት የሄደ እንደሆነ ጋሽ ሂርጳ "ውጡ!" ይላሉ፣ በረዶው ያልባል፣ የሆኪው ቡድን ተንቦጫርቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ልጅ ልጅን በዱላ ቢነካውም እናቶች መቆጣት አይችሉም፤ አቡዘር "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ብሎ አፋቸውን ያዘጋቸዋል።

አሁን የሰውዬውን ጉድ ልንገራችሁ። የሰውን ልጅ ሁሉ በረዶ ላይ ያቆመ አቡዘር፣ የራሱን ልጅ መጋዘኑ ደጃፍ አያስደርስም።

ነዒማ አሥር ዓመቷ ነው። አቡዘርና ዓሊማ በተጋቡ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ዘመድ አዝማድ "ሌላ አግባ" ብሎ መክሮ መክሮ ከሰለቸው በኋላ የመጣች አንድ ልጅ ናት። የተወለደች ዕለት አቡዘር ሱቁን ሳይዘጋ ሄደ፤ ሱቁ ሦስት ቀን ክፍት ሆኖ ከረመ። አንድ ጫማ አልጠፋም፤ ሌባውም ደስ ብሎት መሆን አለበት። እስከ ሰባት ዓመቷ ትምህርት ቤት በትከሻው አመላለሳት። ገመድ ስትዘል ከሥሯ ምንጣፍ ያነጥፋል። ስትስቅ እንኳ ትን ይላት ይሆን ብሎ ይሰጋል። ፍርሃት ነው፤ ስስት ነው፤ እሱ ግን "ጥንቃቄ" ይለዋል።

"አባ፣ እኔስ?" ትለዋለች በየጊዜው።

"ኢንሻአላህ፣ ክረምቱ ይለፍ" ይላታል። ከዚያ ረመዳን ይለፍ። ከዚያ ፈተናሽ ይለፍ። ሁሉም አለፉ፤ ሲያልፉም አቡዘር አላያቸውም።

ከአሥራ ዘጠኙ ጥንድ ትንሿ ሠላሳ አንድ ቁጥር ነበረች። ቦንዳው በተፈታ ሰሞን ከነዒማ የትምህርት ቤት ጫማ ጋር ሶል ለሶል ገጥሞ አይቷት ነበር፤ ልክ ናት። በጋዜጣ ጠቅልሎ ከመደርደሪያው ሥር ደበቃት። ወላጆች ለትንንሽ ልጆቻቸው ሲጠይቁት "እሷ ተይዛለች" ይላል። አልዋሸም። ሦስት ዓመት ሙሉ ተይዛለች።

ዓሊማ ይህን ሁሉ ታያለች። አቡዘር በር ላይ ተቀምጦ አንዲቱን እናት "ልጅን መያዝና ማሳደግ ይለያያሉ፣ እህቴ" እያለ ሲመክር ከውስጥ ሆና ድምጿን ከፍ ታደርጋለች።

"የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች!"

"ምን አልሽ?" ይላል አቡዘር።

"ስለ ወጡ ነው" ትለዋለች።

ባለፈው የካቲት ባለቤቱ መጋዘኑን ለድንች ነጋዴ አከራየው። ድንች ቅዝቃዜ ይወዳል፣ በረዶ አይወድም፤ ስለዚህ በረዶው በወሩ መጨረሻ ይሰበራል ተባለ። ወላጆቹ አዘኑ። ሦስት ዓመት ሙሉ "ብርድ ይመታብኛል" ያሉት እነዚያው ሰዎች "ልጁ አሁን እሑድ እሑድ ምን ሊሆን ነው?" እያሉ አቡዘርን እንደ ሐዘንተኛ አጽናኑት። ነዒማ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ በቀጥታ ሱቁ ገባች።

"አባ፣ የቀረው አንድ እሑድ ነው" አለችው።

አቡዘር አንድ ጫማ አንስቶ መወልወል ጀመረ።

"ጉንፋን ይዞሻል" አላት።

"አልያዘኝም።"

"ሊይዝሽ ነው።"

ነዒማ አላለቀሰችም። ቦርሳዋን አስተካክላ ወጣች። እምቢ ያለ አባት ምን እንደሚደረግ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ያስተማረውም አባቷ ነው።

ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ሆነው መጡ። አቡዘር ሲያያቸው ደስ አለው። እምቢተኛ አባት ተገኝቶ፣ አሳምነው፣ ወሬ ይዘውለት የመጡ መሰለው። ወደ ቤት አስገባቸው።

"ተቀመጡ እንጂ! ሀጂ፣ እዚህ ጋ ይመችዎታል። እትዬ ፀሐይቱ፣ ይቀመጡ።"

"አንቀመጥም" አሉ ሀጂ ታጁ።

"ዓሊማ፣ ሻይ አምጪ!"

"አንቀምስም" አሉ ወይዘሮ ፀሐይቱ።

አቡዘር ያን ጊዜ ገባው። ይህን ነገር ፈጥሮታል፤ ከውጭ ሆኖ እንጂ ከውስጥ ሆኖ አይቶት አያውቅም። ሦስት ሰው ቆሞብህ አንተ ብቻ የምትቀመጥበት ቤት እንዴት እንደሚጠብብ አሁን አወቀ። ተነስቶ ቆመ።

"ልጅ ልንጠይቅ ነው የመጣነው" አሉ ሀጂ ታጁ ጢማቸውን እያሻሹ። "ለቀረችው አንዲት እሑድ።"

"የማንን ልጅ?"

"ያንተን።"

አቡዘር ሚስቱን አየ። ዓሊማ ጣሪያውን ታያለች።

"ብርድ ይመታታል" አለ አቡዘር።

ወይዘሮ ፀሐይቱ ሳቃቸውን ለመያዝ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

"ብርድ የሚመታው የቆመን ነው" አሉት። "የምትሮጥን ልጅ የት አግኝቶ ይመታታል?"

"ትወድቃለች።"

"የመጀመሪያው ትምህርት እኮ መውደቅ ነው" አሉ ጋሽ ሂርጳ ወለል ወለሉን እያዩ። "ስትወለድ ሮጣ ነው እንዴ ከሆስፒታል የወጣችው?"

"ጥናቷስ?" አለ አቡዘር፤ መልሱን ግን ራሱ በልቡ ጨረሰው። ወዲያ ወዲህ አለ። ከዚያ ቀልዱም ተረቱም አለቀበትና እውነቱ ወጣ።

"አንድ ናት" አለ። "አንድ ልጅ ናት፣ ሀጂ። ይቺ አንድ ነገር ብትሆንብኝ እኔ ሰው አልሆንም።"

ለዚህ ከመልሶቹ ውስጥ መልስ አልነበረም። በሦስት ዓመት እንዲህ ብሎ የጠየቀው ወላጅ የለም፤ ወይም ብሎት ይሆናል፣ እሱ ግን "ቢወድቅስ" ሲሉት ይህን ማለታቸው እንደሆነ አልሰማቸውም።

"አንድ ስለሆነች ነው የመጣነው" አሉ ሀጂ ታጁ። "ብዙ ልጅ ቢኖርህ አንዷን ሳታያት ብትቀር ሌላዋን ታያለህ። ይችን ካላየህ ማንን ልታይ ነው?"

አቡዘር ድንገት ዞሮ ወደ ሱቁ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ተቆጥቶ ሄደ ብለው ሰጉ። ተመለሰ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ጋዜጣው ወይቧል፣ አቧራው ጣቱ ላይ ቀረ።

"ነዒማ!" አለ።

ነዒማ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች፤ ሲጠሯት ሩቅ አልነበረችም። አቡዘር ተንበረከከ። ጋዜጣውን ፈታ። ትንሿ ጫማ አዲስ ትመስላለች።

"ይቺ ያንቺ ናት" አላት። "ከመጀመሪያውም ያንቺ ናት። ሰው ስንት ጊዜ ለመነኝ፣ አልሰጠሁም። ወላሂ ላንቺ ነው ያስቀመጥኳት።"

እግሯን አንስቶ አስገባ። የእግሯ ግማሽ ገባ፤ ተረከዟ ውጭ ቀረ። ማሰሪያውን እስከ ታች አላላው። ምላሱን ጎትቶ አወጣው። እንደገና ሞከረ። ነዒማ ልታግዘው ብላ ጣቶቿን አጠፈች። አቡዘር የስንት ልጅ ጣት የፈለገበትን አውራ ጣቱን ቆዳው ላይ እንዳሳረፈ ቀረ። ዓሊማ ጣሪያ ማየቷን ተወች። ሽማግሌዎቹም ጉዳያቸው ሳይፈጸም፣ ሳያውቁት ተቀመጡ።

"አባ" አለች ነዒማ ቀስ ብላ። "እኔ እኮ ሠላሳ አምስት ነኝ።"

"ማን ነው የለካሽ?"

"የሞቲ ጫማ ልኬ ነው።"

አቡዘር ቀና አለ። ጋሽ ሂርጳ ባርኔጣቸውን ይመረምሩ ጀመር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። አቡዘር ቅዳሜ ቅዳሜ ቦንዳ ሊገዛ መርካቶ ሲሄድ ጋሽ ሂርጳ መጋዘኑን ይከፍታሉ፣ ሞቲ ጫማውን ከአቡዘር ሱቅ ከዓሊማ እጅ ይቀበላል፣ ወይዘሮ ፀሐይቱ በር ይጠብቃሉ። ከጥቅምት ጀምሮ። ወድቃለች፣ ተነስታለች፣ አንዴ አገጯ ተጭሮ "ደረጃ መታኝ" ብላለች፤ አቡዘርም ደረጃውን በሲሚንቶ አስተካክሏል። አሁን ከአሥራ ስምንቱ ልጆች የሚቀድማት የለም።

አቡዘር መሬት ላይ እንደተቀመጠ ሁሉንም አንድ በአንድ አያቸው። መቆጣት ፈለገ፤ ከየት እንደሚጀምር ጠፋው።

"ከተጫወትሽ፣ ካወቅሽ" አለ በመጨረሻ፣ "ታዲያ ሽማግሌ የላክሽብኝ ለምንድን ነው?"

ነዒማ ትንሿን ጫማ ከእግሯ አወለቀች።

"ቅዳሜ አንተ የለህማ" አለች። "እንድታየኝ ነው።"

እሑድ፣ በረዶው ሊሰበር አንድ ቀን ሲቀረው፣ መጋዘኑ ሞላ። ወላጆቹ ከነብርድ ልብሳቸውና ከነፌጧቸው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ዱሬሳ የመጨረሻ ልጁን፣ የሰባት ዓመቷን፣ ይዞ መጣ፤ የቀረ ጫማ እንዳለ ሰምቷል። አቡዘር ሠላሳ አንዷን አወጣላት። ልክ ሆነች።

"ትንሽ ሰፋ ያለች የለችም?" አለ ዱሬሳ። "ታድግበታለች።"

ሁሉም የተለመደውን ጩኸት ጠበቁ። አቡዘር አፉን ከፈተ፣ "ጫማ ለዛሬ..." ብሎ ጀመረና ተወው። ጎንበስ ብሎ የልጅቷን ማሰሪያ ሁለት ጊዜ ቋጠረ።

ከዚያ ሞቲ ተራው እስኪደርስ የለቀቀላትን ሠላሳ አምስት ይዞ ነዒማ ፊት ተንበረከከ። ማሰሪያው ከጣቱ ሁለት ጊዜ አመለጠው፤ ብርድ ነው አለ። ነዒማ ከጥቅምት ጀምሮ ማሰሪያዋን የምታስረው ራሷ ናት። ሁለት ጊዜ መቋጠርም ታውቃለች። እግሯን ዘረጋችለት።